ንጹሕ ኃይል የሞላው ግሪድ መብራት ለምን ያጣል?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ዓርብ ጠዋት፣ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አብዛኛው የኬንያ ክፍል መብራት ጠፋበት። የአገሪቱ የኢነርጂ ሚኒስቴር በሰጠው ማብራሪያ መሠረት የመቋረጡ መነሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ ነበር። መጀመሪያ ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋዋት ይዞ የሚመጣው መስመር ተቋረጠ። ወዲያው ከኢትዮጵያ 200 ሜጋዋት ይዞ የሚገባው መስመር ተከተለው። በድምሩ 488 ሜጋዋት፣ ማለትም አገሪቱ በዚያ ሰዓት ከነበራት ኃይል ከሩብ በላይ የሚሆነው፣ በቅጽበት ጎደለ። ከምዕራብ ኬንያና ከሰሜን ሪፍት አንዳንድ አካባቢዎች በስተቀር የቀረው አገር ኃይል አጣ።

በዚያ ጠዋት ነዳጅ አላለቀም፤ ግድብ አልደረቀም፤ ነፋሱም አልቆመም። የጠፉት ሁለቱም ምንጮች ንጹሕ ከሚባሉት ናቸው፤ አንዱ ነፋስ ነው፣ ሌላው በኢትዮጵያ ግድቦች የሚመነጭ የውሃ ኃይል። ሁለቱም ማመንጨት ይችሉ ነበር። የተሳነው ኃይሉን ተቀብሎ የሚያመጣጥነውና ብልሽት ሲደርስ ጉዳቱን ባለበት ወስኖ የሚያስቀረው ሥርዓት ነው። ስለ ስማርት ግሪድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አዲስ ዓይነት የቤት ቆጣሪ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ዋናው ጉዳይ ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል። አካባቢው ካለው ንጹሕ ኃይል ምን ያህሉን ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚወሰነው በግሪዱ ብቃት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪድ የምንለው ማመንጫዎችን፣ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮችን፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎችንና ወደ ቤትና ፋብሪካ የሚገቡትን ገመዶች አንድ ላይ ያያዘውን ሥርዓት ነው። ስማርት ግሪድ ደግሞ በዚሁ ሥርዓት ላይ መለኪያዎች፣ የመረጃ መስመሮችና ፈጥነው የሚወስኑ መሣሪያዎች ሲጨመሩበት የሚገኘው ነው። እንዲህ ያለው ግሪድ የራሱን ሁኔታ በየቅጽበቱ ያያል፤ ካየውም ተነስቶ ያለ ሰው እጅ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

የምሥራቅ አፍሪካ መነሻ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ይለያል። በፖላንድና በሕንድ የንጹሕ ኃይል ዕቅድ ማለት በዋነኛነት ከድንጋይ ከሰል መላቀቅ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ግን ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታገኘው ከውሃ ነው፤ አዳማና አሸጎዳን ከመሳሰሉ የነፋስ ጣቢያዎች የሚገኘው ይጨመርበታል። በ2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኬንያ ከምታመነጨው ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ ከታዳሽ ምንጭ ነው፤ ቀዳሚው በኦልካሪያ ከከርሰ ምድር የሚወጣው እንፋሎት ነው። አገሪቱ በ2030 ኤሌክትሪኳን መቶ በመቶ ንጹሕ ለማድረግ አቅዳለች። ዩጋንዳ በነጭ አባይ ላይ በተሠሩ ግድቦች ትኖራለች። ታንዛኒያ ለረጅም ጊዜ በተፈጥሮ ጋዝ ላይ ተደግፋ ከቆየች በኋላ 2,115 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ ሠርታለች። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚቀረው ከባድ ሥራ የተገኘውን ንጹሕ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓትና ቦታ ማድረስ ነው።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍጆታ የሚደርሰው ምሽት፣ ሰው ከሥራ ተመልሶ ምግብ በሚያበስልበትና መብራት በሚያበራበት ጊዜ ነው። ሌሊት ፍጆታው በእጅጉ ይወርዳል። የቱርካና ነፋስ ግን የሚበረታው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፤ በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍታዎች መካከል ባለው ቆላ ሰርጥ ተጨምቆ የሚያልፍ ቋሚ ነፋስ ስለሆነ ጥንካሬው በእነዚህ ሰዓታት ይጨምራል። የኦልካሪያ እንፋሎትም ሌሊት ተብሎ አይቀንስም፤ ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ያለማቋረጥ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊት ላይ ኬንያ ሁለት ንጹሕ ምንጮች ይበዙባታል፤ ወይ የነፋስ ማመንጫውን መግታት፣ ወይ እንፋሎቱን ወደ አየር መልቀቅ ግድ ይሆናል። ምሽት ሲመጣ ደግሞ ያው አገር በነዳጅ የሚሠሩ ጣቢያዎችን ይቀሰቅሳል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ልዩነት የወቅት ነው። ግድቦቹ በክረምት ይሞላሉ፤ በበጋ ይቀንሳሉ። የኢትዮጵያ ነፋስ ግን በበጋ ይበረታል።

ርቀቱም የራሱ ችግር አለው። በቱርካና 365 የነፋስ ተርባይኖች የቆሙት በ2017 ነበር፤ ኃይሉን ወደ ሱስዋ የሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መስመር ግን የተጠናቀቀው በ2018 ነው። በመካከሉ ተርባይኖቹ ዝግጁ ሆነው ቆሙ፤ ኬንያም ላልደረሳት ኃይል እንድትከፍል ተገደደች። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፤ ሥራ የጀመረው በኖቬምበር 2022 ነው። የሁለቱም መስመሮች መድረሻ ሱስዋ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ኤሌክትሪክ በግሪድ ላይ በተመረተበት ቅጽበት መበላት አለበት፤ መስመሩ ራሱ ማስቀመጫ የለውም። ሚዛኑ ተጠብቆ ይሁን ተዛብቶ የሚታወቀው ፍሪኩዌንሲ በሚባለው ልክ ነው። በአካባቢያችን ግሪዶች የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህም 50 ኸርዝ ይባላል። ይህ ቁጥር የሚመጣው ከማመንጫዎቹ ዙር ነው። በአንድ ግሪድ ላይ የተያያዙ የውሃና የእንፋሎት ማመንጫዎች ሁሉ በአንድ ምት ይሽከረከራሉ። ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከሚሽከረከሩት ማሽኖች ጉልበት ስለሆነ ሁሉም አብረው ይቀዘቅዛሉ፤ ፍሪኩዌንሲውም ከ50 ይወርዳል። ምርት ሲበልጥ ደግሞ ሁሉም ይፈጥናሉ።

ውድቀቱ ምን ያህል ፈጣን እንደሚሆን የሚወስነው ኢነርሺያ ነው፤ ይህም ከባድ የሚሽከረከር ነገር ፍጥነቱን ላለመልቀቅ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ ድንጋዩ ወዲያው አይቆምም፤ ክብደቱ ለጥቂት ጊዜ ያዞረዋል። በግሪድ ላይም የተርባይኖቹና የጄኔሬተሮቹ ክብደት ለጥቂት ሰከንዶች ጊዜ ይገዛል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ በመጠባበቂያነት የተያዙ ማመንጫዎች የውሃ በራቸውን ከፍተው ጉድለቱን መሙላት አለባቸው። ካልደረሱ የመጨረሻው መከላከያ ሥራ ይጀምራል፤ ፍሪኩዌንሲው ከተወሰነ ልክ ሲወርድ መሣሪያዎች የተመረጡ ሰፈሮችን በራሳቸው ይቆርጣሉ። ጥቂቱን አጥፍቶ ብዙኃኑን ለማትረፍ የተሠራ ዘዴ ነው። ይህም ካልበቃ ማመንጫዎቹ እንዳይጎዱ አንድ በአንድ ራሳቸውን ከግሪዱ ይነጥላሉ። የአገር አቀፍ መቋረጥ የሚፈጠረው ያኔ ነው።

ነፋስ እዚህ ላይ ልዩ ጠባይ አለው። ዘመናዊ የነፋስ ተርባይን ከግሪዱ ጋር የሚገናኘው በኤሌክትሮኒክ መለወጫ በኩል ስለሆነ ዙሩ ከግሪዱ ምት ጋር በቀጥታ አልተሳሰረም። ተርባይኑ ይዞራል፤ ክብደቱ ግን፣ መለወጫው ለዚያ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ለግሪዱ አይደርስም። ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመርም ቀጥተኛ ጅረት የሚባለውን ዓይነት ኃይል ስለሚሸከም በሁለቱ ጫፎቹ መለወጫ ጣቢያዎች አሉት። ይህ አሠራር ጥቅሙ ብዙ ነው። በረጅም ርቀት የሚባክነው ኃይል ያነሰ ነው፤ የሚያልፈው መጠን እንደ ውሃ ቧንቧ በትእዛዝ ይወሰናል፤ የሁለቱ አገሮች ግሪዶችም በአንድ ምት እንዲሄዱ አይገደዱም። ግን የኢትዮጵያው የጊቤ 3 ግድብ ተርባይኖች ክብደት በዚህ መስመር ወደ ኬንያ አይሻገርም። እንዲህ ዓይነቱ መለወጫ ከመስመሩ የሚቀበለውን ኃይል ለማስተላለፍ የተቀባዩን ግሪድ ቮልቴጅ መደገፊያ ይፈልጋል፤ ቮልቴጁ ሲናወጥ ሊቆም ይችላል።

ሴፕቴምበር 2024 የሆነውን በዚህ ዓይን ስናየው ቅደም ተከተሉ ይገባናል። ሱስዋ ላይ አንድ መስመር ተቋረጠ፤ 288 ሜጋዋት ጎደለ። በዚያው ቦታ የሚያርፈው ሌላው መስመርም ወጣ። ሁለት የተለያዩ አገሮች፣ ሁለት የተለያዩ ምንጮች፣ በካርታ ላይ ሲታዩ አንዱ ለሌላው መተማመኛ የሚመስሉ፣ በአንድ ጣቢያ በኩል ስለሚያልፉ እንደ አንድ ምንጭ ሆነው ጠፉ። መጠባበቂያ የሚሰላው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ምንጭ ቢጠፋ ተብሎ ነው።

ይህ የኬንያ ብቻ ችግር አለመሆኑን ደቡብ አውስትራሊያ ታሳያለች። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከባድ ማዕበል የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጣለ፤ ቮልቴጁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ወረደ። በርካታ የነፋስ ጣቢያዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚታገሡት የቮልቴጅ መውረድ ብዛት አስቀድሞ በሶፍትዌር ተወስኖ ነበር፤ ያ ሲያልፍ 456 ሜጋዋት ያህል ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ቀነሱ። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤቱ ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከአቅሙ በላይ ተሸከመ፤ ራሱን ለማዳንም ተቋረጠ። ፍሪኩዌንሲው ከዚያ በኋላ የወደቀበት ፍጥነት ሰፈሮችን እየቆረጠ ግሪዱን ሊያተርፍ ለሚገባው መከላከያ እንኳ ጊዜ አልሰጠም። መላው ክፍለ ግዛት ኃይል አጣ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ትምህርት ሰጪ ነው። የተርባይኖቹ የሶፍትዌር ወሰን ተስተካከለ፤ አንድም ምሰሶ ሳይተከል ከአደጋው ምክንያቶች አንዱ ተወገደ። በ2017 መጨረሻ በሆርንስዴል 100 ሜጋዋት የሚሰጥ ባትሪ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዲሴምበር በቪክቶሪያ ሎይ ያንግ የተባለው የከሰል ጣቢያ አንድ ክፍል በድንገት ሲጠፋ ባትሪው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ኃይል መስጠት ጀመረ፤ የሚሽከረከር ማመንጫ በዚያ ፍጥነት ሊደርስ አይችልም። በ2021 ደግሞ ነዳጅ ሳይጠቀሙ እየተሽከረከሩ ለግሪዱ ክብደት የሚሰጡ 4 ትልልቅ ማሽኖች ተጨመሩ። ዛሬ ክፍለ ግዛቱ ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ከ70 በመቶ በላይ ከነፋስና ከፀሐይ ነው። የነፋሱን ድርሻ ሳይቀንሱ ግሪዱን አጠነከሩት።

ከዚህ ተነስተን ስማርት ግሪድ ለምሥራቅ አፍሪካ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በዝርዝር ማየት እንችላለን። መጀመሪያው ማየት ነው። ብሔራዊ የመቆጣጠሪያ ማዕከሎች ከየጣቢያው መረጃ የሚቀበሉበት ሥርዓት በተለምዶ በየጥቂት ሰከንዱ ይታደሳል። የግሪድ ውድቀት ወሳኝ ደረጃዎች ግን በሰከንድ ክፍልፋይ ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በሰከንድ በርካታ ጊዜ የሚለኩ፣ ሰዓታቸውንም ከሳተላይት የሚወስዱ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ወላይታ ሶዶ፣ ሱስዋና ዳሬሰላም ላይ የተወሰደ ልኬት በአንድ ሰዓት ላይ ሊነጻጸር የሚችለው ያኔ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚነሳው ክርክርም በመረጃ ይቋጫል። በኦገስት 2023 በኬንያ በደረሰው አገር አቀፍ መቋረጥ ባለሥልጣናት ምክንያቱ የቱርካና ጣቢያ መጥፋት ነው ሲሉ፣ ጣቢያው ደግሞ ከግሪዱ የመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ አስገድዶ አስወጣኝ ብሎ ነበር። የትኛው እንደቀደመ የሚለየው በሺሕኛ ሰከንድ በተመዘገበ ልኬት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ካዩ በኋላ ፈጥኖ መሥራት ነው። አንድ መስመር በተቋረጠ ቅጽበት የትኞቹ ሰፈሮችና ፋብሪካዎች እንደሚቆረጡ አስቀድሞ አስልቶ የሚጠብቅ መከላከያ አለ፤ ፍሪኩዌንሲው እስኪወርድ አይጠብቅም። እንዲህ ያለው ዘዴ 488 ሜጋዋት ሲጎድል ያንኑ የሚያህል ፍጆታ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ለይቶ ቢያወጣ የቀረው አገር ሥራውን ይቀጥል ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመርም በትክክል ከተዘጋጀ ከአደጋ ምክንያትነት ወደ መድኅንነት ሊለወጥ ይችላል። የሚሸከመው ኃይል በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ ስለሚወሰን፣ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ በሰከንድ ውስጥ ተጨማሪ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። ለዚህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። መለወጫ ጣቢያው የቮልቴጁን መናወጥ ታግሶ መቆም አለበት፤ በኢትዮጵያ በኩል ሙሉ አቅሙን ያልተጠቀመ ተርባይን እየተሽከረከረ መጠበቅ አለበት፤ የሱስዋ ባስባሮች፣ ማለትም መስመሮች የሚገናኙባቸው ወፍራም ተሸካሚዎች፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን እንዳይጎትት መለየት አለባቸው። የመጨረሻው የብረትና የኮንክሪት ሥራ ነው፤ ሶፍትዌር አይተካውም።

ከሁሉ የሚሰፋው ጥቅም ግን ከአደጋ ቀን ውጭ፣ በየሌሊቱ የሚገኘው ነው። የግድብ ሐይቅ ውሃን ለነገ የሚያቆይ ማጠራቀሚያ ነው። ኬንያ ሌሊት ነፋስና እንፋሎት ሲበዛባት ከኢትዮጵያ የምትወስደውን ብትቀንስ፣ ያ ውሃ በጊቤ 3 ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ከወትሮው አብልጣ ብትወስድ የነዳጅ ጣቢያዎቿ አይቀሰቀሱም። አዲስ ባትሪ ሳይገዛ፣ ውሃ ሽቅብ ሳይገፋ፣ ነፋሱ እንደ ውሃ ተጠራቀመ ማለት ነው። መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። ከ200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚወርድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በግምት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ኬንያ በሌሊት ለ8 ሰዓታት 100 ሜጋዋት ብትቀንስ 800 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢደረግ 584 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። የጊቤ 3 ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ በአንድ መስመር ላይ የተደረገ መጠነኛ ለውጥ የሐይቁን 4 በመቶ ያህል ከሌሊት ወደ ምሽት ያሸጋግራል። ውሃው በዓመቱ ውስጥ አይጨምርም፤ የሚወርድበት ሰዓት ግን ለሰው በሚጠቅመው ጊዜ ይሆናል።

ይህን ለማድረግ ነገ ሌሊት በቱርካና ምን ያህል ነፋስ እንደሚነፍስ ዛሬ መተንበይ፣ የናይሮቢን የምሽት ፍጆታ መገመት፣ የጊቤን የውሃ መጠንና ከግድቡ በታች ለኦሞ ወንዝ መለቀቅ ያለበትን ማወቅ፣ ከዚያም ሁሉን አመዛዝኖ በየሰዓቱ ማን ስንት ያመንጭ የሚለውን መወሰን ያስፈልጋል። ይህ የስማርት ግሪድ ዋና የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ሊሠራው ይችላል፤ ውሉ ካልፈቀደለት ግን አይሠራውም። የኢትዮጵያና የኬንያ ውል ለ25 ዓመት የሚዘልቅ ሲሆን ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200፣ ከዚያ 400 ሜጋዋት እንዲሸጥ የሚል ነው። ገዢው በየሰዓቱ ያው መጠን እንዲወስድ በተጠበቀበት ሁኔታ ሌሊት መቀነስና ምሽት መጨመር የሚያበረታታ ዋጋ አይኖርም።

መፍትሔው የጋራ ገበያ ነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር በ2005 የተቋቋመ ሲሆን ከ10 በላይ አገሮችን ያቀፈ ነው። በደቡቡ የአፍሪካ ክፍል ያለው ተመሳሳይ ተቋም ከ2009 ጀምሮ አገሮች የነገውን ኃይል ዛሬ በየሰዓቱ የሚሻሻጡበት ገበያ ያካሂዳል። በምሥራቁም መስመሮቹ እየተያያዙ ነው፤ በዲሴምበር 2024 የኬንያና የታንዛኒያ ግሪዶች በ400 ኪሎቮልት መስመር ተገናኝተዋል። በዚህ ከሄደ የኢትዮጵያ ውሃ፣ የኬንያ እንፋሎትና የታንዛኒያ ግድብ በአንድ ሰሌዳ ላይ ዋጋ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ ትስስር ለድርቅም መከላከያ ነው። በ2024 ዛምቢያ በደረሰባት ድርቅ የካሪባ ሐይቅ ሲወርድ ነዋሪዎቿ በቀን ለብዙ ሰዓታት ያለ መብራት ቆዩ፤ ኃይሏ በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ በቂ መተኪያ አልነበራትም። ኢትዮጵያም በውሃ ላይ ያላት ጥገኝነት ከዛምቢያ አያንስም። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ከኦልካሪያና ከቱርካና ኃይል ወደ ሰሜን ሊፈስ ይችላል፤ መስመሩ ለሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ዓይነት ነው።

በተጠቃሚው በኩል ያለው ሥራ ቀስ የሚል ነው። ኬንያ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ፋብሪካዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከወትሮው ፍጆታቸው በላይ ለሚወስዱት ኃይል የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ሰጥታለች፤ በ2023 ደግሞ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተለየ ታሪፍ አወጣች። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የተለመደ ሆኗል። መኪናው በየትኛው ሰዓት እንደሚሞላ ለባለቤቱ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ለግሪዱ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁሉም ከሥራ እንደተመለሰ በ1 ሰዓት ቢሰካ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ላይ ይደረባል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ሊቃጠል ይችላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቢሞላ ሥራ ፈት የነበረ ኃይል ይጠቀማል። ይህን ለማበረታታት ቆጣሪው ምን ያህል እንደተጠቀሙ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተጠቀሙ መመዝገብ አለበት። በካርድ የሚሞላው የድሮው ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ ሰዓት ግን አይለይም።

ቆጣሪ ሌላም ያሳያል፤ ኃይል የሚጠፋበትን ቦታ። የኬንያ አከፋፋይ ከሚገዛው ኃይል ከ5 እጅ 1 እጅ በላይ ለደንበኛ ሳይደርስ ወይም ሳይከፈልበት ይቀራል። ከፊሉ ገመድ ውስጥ በሙቀት የሚባክን፣ ከፊሉ በስርቆት የሚወሰድ ነው። በትራንስፎርመሩ ላይ የተገጠመ መለኪያ ከሥሩ ካሉት ቆጣሪዎች ድምር ጋር ሲነጻጸር ጉድለቱ በየትኛው ሰፈር እንዳለ ይታወቃል። ከንጹሕ ኃይል ዕቅድ አንጻር የዳነ ሜጋዋት ከአዲስ ግድብ እንደሚመጣ ሜጋዋት ነው፤ ሸለቆ አያሰምጥም፣ ሰውም አያፈናቅልም።

አደጋውም መነገር አለበት። ከርቀት የሚታዘዝ ግሪድ በጠላትም ከርቀት ሊታዘዝ ይችላል። በዲሴምበር 2015 በዩክሬን ሰርጎ ገቦች የ3 አከፋፋይ ድርጅቶችን ኮምፒውተሮች ይዘው ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ኃይል አቋረጡ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች ወደየጣቢያው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው ስለመለሱ ነው። የእጅ አሠራሩን የሚያውቅ ባለሙያ ሳይቀር ሁሉን ወደ ማዕከል መሰብሰብ ይህን መውጫ ይዘጋል።

ማስረጃው ከተዘረዘረ በኋላ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የቤት ቆጣሪ በመቀየር የሚጀምር ፕሮግራም ለሕዝብ የሚታይ ስለሆነ ይማርካል፤ ኬንያን ከዚያ የሴፕቴምበር ጠዋት ግን አያድናትም ነበር። ቀዳሚ መሆን ያለበት ትልልቆቹ መስመሮች የሚገናኙባቸውን እንደ ሱስዋ ያሉ ጣቢያዎች ማጠንከር፣ ፈጣን ልኬት መትከልና አስቀድሞ የተሰላ መከላከያ ማዘጋጀት ነው። የነፋስና የውሃ የጋራ ዕቅድ በዚህ ላይ ይቆማል፤ ያልተማመኑበት መስመር ላይ የምሽትን ፍጆታ የሚጥል የመቆጣጠሪያ ማዕከል የለም። የሰዓት ታሪፍና አዲሱ ቆጣሪ ሦስተኛ ይመጣሉ፤ ከእነሱም ውስጥ የትራንስፎርመር መለኪያው ቢቀድም የበለጠ ያተርፋል።

እስካሁን ያልተፈታው የክፍያ ጥያቄ ነው። ለኬንያ ድንገተኛ ጉድለት ተብሎ በጊቤ 3 በከፊል አቅሙ እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ተርባይን፣ ሊሸጥ ይችል የነበረውን ኃይል ሳይሸጥ ይውላል። ውሉ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚከፍል ከሆነ ያን ተርባይን ዝግጁ አድርጎ ለማቆየት ለኢትዮጵያ ምክንያት አይኖራትም። አውስትራሊያ ለዚህ ዝግጁነት ራሱን የቻለ ገበያ አላት፤ የሆርንስዴል ባትሪም ከገቢው ከፍተኛውን ድርሻ ያገኘው ከዚያ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያቸውን ደንብ ሲጽፉ ለተሸጠው ኃይል ከሚከፈለው ለይተው፣ ለተጠባባቂው ሜጋዋት በሰዓት ስንት እንደሚከፈልና ከፋዩ ማን እንደሆነ መወሰን ይኖርባቸዋል።